ለባልሽ የምታስመጪው ቫይታሚን

ውድ እህቴ፣ ልጅ እየጠበቃችሁ ዓመታት ካለፉ ይህ ጽሑፍ ለአንቺ ነው። ባልሽም አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

የመጋቢ ሚስት ስለሆንኩ በጓዳ የሚነገር ብዙ ነገር ይደርሰኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ከእንባው ጋር ጠርሙስም ማየት ጀምሬያለሁ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲል «የወንድ ቫይታሚን» ተብሎ ይታዘዛል፤ ዚንክ፣ ፎሊክ አሲድ፣ ሴሊኒየም፣ ቫይታሚን ኢ። አንዲት እህት እንክብሉን ፈጭታ ለባሏ ሳትነግረው በጭማቂ እንደምትሰጠው አጫወተችኝ። ለምን ብላት «ተመርመር ካልኩት ይቆጣል» አለችኝ። እርሷ ግን ደሟን ሰጥታ፣ አልትራሳውንድ ታይታ፣ ማሕፀኗንም በራጅ ተነሥታ ጨርሳለች።

የቫይታሚኑ ሐሳብ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የወንድ ዘር ህዋስ ሽፋን በቀላሉ የሚበላሽ ስብ የበዛበት ነው። ሰውነታችን ኦክስጅን ሲጠቀም የሚፈጠሩ ጎጂ ቅንጣቶች ሲበዙ ይህን ስብ ያበላሹታል፤ በውስጡ ያለውን ዲኤንኤም ይሰባብራሉ። ሲጋራና ኢንፌክሽን ያብሱታል። አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ደግሞ ቅንጣቶቹን የሚያከሽፉ ናቸው። እንግዲህ ቢዋጡ ይረዳሉ ተብሎ ታሰበ።

ሲፈተን ግን እንደታሰበው አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 2,370 ጥንዶችን ይዞ ነበር። ግማሾቹ ባሎች በየቀኑ 30 ሚሊግራም ዚንክና 5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ለ6 ወር ወሰዱ፤ ሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ተሰጣቸው። ልጅ የወለዱት ከወሰዱት 34 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 35 ከመቶ ሆኑ። ይባስ ብሎ በወሰዱት ላይ የዲኤንኤ መሰባበር ጨምሮ ተገኘ፤ የሆድ ሕመምና ማቅለሽለሽም በዛባቸው። ትናንሽ ጥናቶችን የሰበሰቡ ባለሙያዎች «ሊጠቅም ይችላል» ይላሉ፤ የማስረጃውን ደካማነት ግን ራሳቸው አብረው ይጽፋሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ «ትንሽ እንየው» የተባለ ጠርሙስ ሦስት ወር ይወስዳል፤ ሁለተኛው ሲጨመር ግማሽ ዓመት አለፈ። ሚስት 36 ወይም 37 ዓመቷ ከሆነ ይህ ቀላል ጊዜ አይደለም። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ችግሩ በወንዱም በኩል አለ። በቆለጥ ከረጢት ውስጥ የደም ሥር ማበጥ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀዶ ሕክምና ይታከማል። ለጡንቻ ተብሎ የሚወጋ ቴስቶስትሮንም ዘሩን ያጠፋል። የትኛውም እንክብል እነዚህን አይነግርሽም።

ወንድሜ፣ አሁን ለአንተ ልናገር፤ በመጽሔት ላይ በመጻፌ የሚያፍርብኝ ይቅር ይበለኝ። ከሚስትህ ምርመራዎች ጋር ሲወዳደር የአንተ እጅግ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ትታቀብና የዘር ፈሳሽህን በንጹሕ ዕቃ ትሰጣለህ። በክሊኒክ መስጠት ካሳፈረህ ከቤት ይዘህ መምጣት ትችል እንደሆነ ጠይቅ፤ ከተፈቀደልህ እንዳይቀዘቅዝ በውስጥ ኪስህ ይዘህ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርስ። ቤት ያለውንም ጠርሙስ ለሐኪሙ አሳየው።