በሞያሌ ድንበር ያገኘኋት አሮጌ ዳትሱን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ሜጋን ካለፈ በኋላ ሞያሌ ይደርሳል። ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት፤ አንደኛዋ የኢትዮጵያ፣ ሁለተኛዋ የኬንያ ናት። በገበያዋ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ ይሰማል። በመኪና ለሚሻገር ሰው ግን ከቋንቋው አስቀድሞ የሚለወጥበት የመንገዱ ወገን ነው። ኢትዮጵያ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ (ዘመኑን የምጽፈው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) በቀኝ ስትነዳ፣ ኬንያ በግራ ትነዳለችና።

በኬንያው ሞያሌ ሻይ ቤት ስፈልግ ከአንድ ጋራዥ በራፍ ላይ በድንጋይ ተደግፋ የቆመች ዝቅ ያለች ቀይ መኪና አየሁ። ዙሪያዋን የከበቧት የጭነት መኪናዎች ስለ ነበሩ፣ በግመሎች መካከል የጠፋች ግልገል ትመስል ነበር። ባለቤቷ ከናይሮቢ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋም ዳትሱን 240 ዜድ የምትባለው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ 2.4 ሊትር ሞተር የእሽቅድምድም መኪና ናት።

ይህች ዓይነት መኪና በምሥራቅ አፍሪካ ታሪክ አላት። በ1953 ዓ.ም. የተጀመረውን የሳፋሪ ውድድር በ1971 ዓ.ም. ኤድጋር ሄርማን፣ በ1973 ዓ.ም. ሼካር ሜታ ያሸነፉት በእርሷ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪናዎች ብቻ የሚወዳደሩበት ሳፋሪ ክላሲክ የተባለ ውድድር ተቋቁሟል። ሽማግሌውም አራት ዓመት የደከሙት ለዚሁ ነው። ዝገት የበላውን ላሜራ ቆርጠው አዲስ አስበየዱ፤ ከሞተሩ በታች ድንጋይ የሚመክት ወፍራም ብረት አሳሰሩ፤ አሞርዛተሩ የሚታሰርበትን ቦታ ሁሉ አጠናከሩ። ለማሳያ የሚታደስ መኪና በቀለሙ ይመሰገናል፤ ለውድድር የሚታደሰው ግን ተጋድሞ ከሥሩ ካልታየ አይታወቅም።

ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቀድሞ ድንጋይና እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ አፈር ነበር። ቡሎን የሚያላላ፣ ሰውንም የሚያንገላታ መንገድ ነበረ። በ2010ዎቹ ዓመታት አስፋልት ሆኖ አለቀ። ለነጋዴውና ለሕመምተኛው ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ሽማግሌው ግን መኪናቸውን የሚፈትኑበት አጡ። ስለዚህ ቱርቢ አጠገብ አስፋልቱን ትተው ሆን ብለው ወደ አሮጌው ጥርጊያ ገቡ። የኋላው ሞላም በዚያው ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላይ አላምንም ነበር። ጋራዡ አንድ ልጅ ወደ ኢትዮጵያው ወገን ልኮ «ስፕሪንጊ» አምጣ አለው። ልጁም ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ባሌስትራ ተሸክሞ እያላበው ተመለሰ! ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በስዋሂሊ ስፕሪንጊ ሁለቱንም ሲሆን፣ በእኛ ጋራዥ የተጠቀለለው ሞላ፣ ተደራርቦ የሚታሰረው ጠፍጣፋው ባሌስትራ ነው። የእኛ ስሞች ከጣልያንኛ፣ የእነርሱ ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸውና፣ የእኛ ካንዴላ እዚያ ፕላጊ፣ የእኛ ፍሪሲዮን እዚያ ክላቺ ይባላል። አማርኛ የሚማር ሰው ወደ ድንበር ሲሄድ እነዚህን ቢይዝ አይጎዳም።

እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ብንፈልግም፣ የ240 ዜድ ሞላ በሁለቱም ከተማ አልተገኘም። ትውልዱ ቡርጂ የሆነው መካኒክ ከተጣለች ቶዮታ ላይ አንድ ሞላ ፈትቶ አመጣና ቆርጦ ሊያስተካክለው ተነሣ።

ሽማግሌው እጁን ያዙት። «አይሆንም፤ አራት ዓመት ሙሉ የራሷ ያልሆነ ዕቃ አላስገባሁባትም» አሉ።

«ምዜ፣ በውድድሩ ቀን በረሓ ላይ ቢሰበርብዎ የራሷን ማን ያመጣልዎታል?» አላቸው መካኒኩ በትሕትና።

ሽማግሌው ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ዝም አሉ። በመጨረሻ «በእሳት እንዳትቆርጠው ብቻ» አሉት። ብረቱ በእሳት ከጋለ ጥንካሬው እንደሚጠፋ ሁለቱም ያውቁ ነበር። መካኒኩም በእጅ መጋዝ፣ ውሃ እያፈሰሰበት ሲገዘግዝ አመሸ። የተሰበረውን ሞላ ሽማግሌው በጨርቅ ጠቅልለው ከወንበሩ ኋላ አስቀመጡት።

በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተነሡ። በዲሴምበር 2020 ዓ.ም. በተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ ወረቀታቸውን ጨርሰው ሲወጡ፣ የመኪናዋ ኋላ በአንድ ጎኑ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። መኪናዋም በለመደችው በግራ በኩል ቀጥ ብላ ሄደች። ከመንገድ ዳር የቆሙት ሰዎች ሁሉ በአንድ ድምፅ «በቀኝ! በቀኝ!» ብለው ጮኹ።