ቦርደዴ በ12 ባይት

በሲ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች የስህተት መልእክት ሲያሰናዱ የሚፈጽሙት አንድ ግድፈት በእንግሊዝኛ ስሞች ላይ ከቶ አይታይም፤ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ስም ላይ ግን ወዲያው ይገለጣል። ቦርደዴ፣ ሚኤሶና ጭሮ በአንድ ዓምድ እንዲሰለፉ ተፈልጎ ፕሪንትኤፍ ለተባለው የማተሚያ ፋንክሽን 12 ስፋት ተሰጠው እንበል። ፋንክሽኑ የሚቆጥረው ፊደልን ሳይሆን ባይትን ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ የገባው የኢትዮጵያ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ቦርደዴ 12ቱን ባይት ሞልቶ አንድም ክፍት ቦታ አይጨመርለትም፤ ሚኤሶ 3፣ ጭሮ 6 ያገኛሉ። አጭሩ ስም ሰፊውን ቦታ ይይዛል፣ ረጅሙ ከቀጣዩ ቃል ጋር ይጣበቃል።

የዓምድ መዛነፍ የዓይን ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። የስም መቆረጥ ግን አይታለፍም። ያው ፋንክሽን ከ10 ባይት በላይ እንዳያትም ቢታዘዝ «ቦርደ» ብሎ ከ«ዴ» የመጀመሪያዋን ባይት ብቻ ያስከትላል፤ ተርሚናሉም በስፍራዋ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ያሳያል። ቦርደዴ ላይ ተቀምጣ የገበሬዎችን ስም ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ ሠራተኛ ይህን ብታነብ የተበላሸው መልእክቱ ሳይሆን እርሷ የጻፈችው ስም ይመስላታል። ደህናውን መዝገብ ልታርም ትነሣለች። ስህተትን ሊጠቁም የተጻፈ መስመር ሌላ ስህተት ይወልዳል ማለት ነው።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ፕሮግራሙ ሲጀምር የቋንቋውን ቅንብር ይጫን፤ ባይቶቹን ወደ ፊደል መልሶ በማያ ገጽ ላይ የሚይዙትን ስፋት ይደምር፤ የጎደለውን ክፍት ቦታ ራሱ ይሙላ። የጂሲሲ ኮምፓይለርም በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው 11ኛ እትሙ የስህተትን ዓምድ ሲናገር፣ ተጠቃሚው ካልቀየረው በቀር፣ በባይት ፈንታ በሚታየው ስፋት ይቆጥራል። (እንደ «ጭ» ያለ ሰፊ ፊደል በአንዳንድ የፊደል ቅርጽ ከተመደበለት አንድ ዓምድ ማፈንገጡ አልቀረም፤ ይህ ግን የሲ ኃጢአት አይደለም።)

ከስፋት ይልቅ ችላ የተባለው የቃላት ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ፕሮግራሞች «መክፈት አልተቻለም» የሚለውን ሐረግ ለብቻው አትመው የፋይሉን ስም ከኋላው ይቀጥላሉ፤ ግሡን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ለሚያኖር ቋንቋ ይህ አይመችም። ዓረፍተ ነገሩ ሳይቆራረጥ፣ የስሙ ቦታ በውስጡ ተከፍቶ ለተርጓሚ ቢሰጥ ይቃናል። ስሞቹ ሁለት ከሆኑ በተራ ቁጥር ማዘዋወር ይቻላል፤ ይህን የሚፈቅደው ግን ፖዚክስ እንጂ የሲ መደበኛ ደንብ አይደለም። ያኔም ቢሆን የተሳቢዋ «ን» ታስቸግራለች፦ በነጥብና በቅጥያ የሚያልቅ የፋይል ስም ላይ ስትለጠፍ የስሙ አካል ትመስላለች። ስለዚህ «ቦርደዴ የተባለውን ፋይል መክፈት አልተቻለም» ማለት ቢረዝምም ይመረጣል።