«ማን ነገረህ?»



ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሁለት ጓደኞቼ የከተማችንን ጉዳይ የምንጽፍባት አንዲት የቴሌግራም ቻናል ነበረችን። አንድ ማታ በአንድ ትምህርት ቤት በጽዳት የሚሠሩ እናት የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ተማሪዎች የሚጠጡበት የውሃ ታንከር ለወራት አልታጠበም፤ ልጆች ሆዳቸውን እየታመሙ ነው። ሲጨርሱ «ልጄ፣ ስሜን እንዳታነሳ፤ አማና ነው» አሉኝ። «አብሽሩ፣ ማንም አያውቅም» አልኳቸው።

ወላጆችን ጠይቄ አጣራሁና ጻፍኩ። በሳምንቱ ታንከሩ ታጠበ። ቀጥሎ ከትምህርት ቤቱ ተደወለልኝ፦ «ማን ነገረህ?» አልናገርም አልኩ። በራሴ ኮራሁ።

ነገር ግን ከመጻፌ በፊት ለአንድ ጓደኛዬ «እውነት ነው፣ ስማ» ብዬ ድምፃቸውን አሰምቼው ነበር። እሱ ለሌላ አወራ። ወሬው ትምህርት ቤቱ ደረሰ፤ እኚያ እናት ከሥራ ተባረሩ። ማንም አላስገደደኝም፤ አማናውን በገዛ እጄ በላሁት።

ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ስሄድ አልተቆጡኝም። «ሁለተኛ ምንም አልናገርም» ብቻ አሉኝ።

ይህች ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ስለ ጉዳዩ ማንበብ ስጀምር የዊልያም ጉድዊንን ታሪክ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ «ዘ ኢንጂነር» የተባለ መጽሔት ጀማሪ ጋዜጠኛ ነበር። ስለ አንድ ኩባንያ የገንዘብ ችግር አንድ ሰው በስልክ ነገረው። ኩባንያው ጽሑፉ እንዳይታተም በፍርድ ቤት አሳገደ፤ ጉድዊንም ምንጩን እንዲናገር ታዘዘ። እምቢ አለ፤ 5,000 ፓውንድ ተቀጣ። የአገሩ ከፍተኛ ዳኞችም ፈረዱበት። እሱ ግን ስሙን አልተናገረም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1996 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት 11 ለ7 በሆነ ድምፅ መብቱ ተጥሷል ብሎ ወሰነ።

የፍርድ ቤቱ ምክንያት ከእኚያ እናት ቃል ጋር አንድ ነበር፦ ምንጭ ካልተጠበቀ ሰዎች መናገር ያቆማሉ፤ ሰዎች ዝም ሲሉ ሕዝብ ማወቅ ያለበትን አያውቅም። ስለዚህ መብቱ ለጋዜጠኛው ክብር የተሰጠ ሽልማት አይደለም፤ ባለቤቱ ከዚያ ታንከር የሚጠጣው ልጅ ነው።

ፍርድ ቤቱ መብቱን ገደብ የለሽ አላደረገውም። ከሁሉ የሚበልጥ የሕዝብ ጥቅም ካስገደደ ዳኛ ምንጭ እንዲገለጽ ሊያዝ ይችላል። ምንጭን መደበቅ ማለትም ያልተጣራ ወሬ መበተን አይደለም። ስሙን የደበቅንለትን ሰው አንባቢ ሊጠይቀው አይችልም፤ ስለዚህ ተበዩን ማድረግ፣ ማጣራት፣ በእኛ ላይ የበለጠ ይከብዳል።

ዛሬ ብዙዎቻችን ቻናልና ገጽ አለን። የፕሬስ መታወቂያ ባይኖረንም ሰው ያምነናል። ስክሪንሾት ከመላክህ በፊት አስብ። የድምፅ መልእክት ከስምም በላይ ያጋልጣል፤ ማስታወሻህን ከጽፈህ በኋላ አጥፋ። የማትጠብቀውን ቃል ደግሞ ከመጀመሪያው አትግባ።

እኔ «ማን ነገረህ?» ላለኝ ሰው ዝም ማለት ችዬ ነበር። የተሸነፍኩት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።