በወመዘክር አዳራሽ

በአዲስ አበባ «ወመዘክር» የሚባለውን ቤት ብዙ ሰው ያውቀዋል። የቀድሞ ስሙ «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበረ፤ «ወ» በግእዝ «እና» ማለት ነውና፥ ሕዝቡ የፊቱን ትቶ ከ«እና» ጀምሮ መጥራቱ ፈገግ ያሰኛል። ቤቱ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፥ በአዳራሹ ለብዙ ዓመታት እሑድ ከቀትር በኋላ የመጻሕፍት ውይይት ሲደረግ ኖሯል። እኛም አስቀድሰን፥ ምሳችንን ቀምሰን፥ ወደዚያ ጎራ ያልንባቸው እሑዶች ጥቂት አይደሉም።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው። አንድ ዐዋቂ መጽሐፉን አጥንቶ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የድምፅ ማጉያው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ተማሪው፥ ጡረተኛው፥ ነጋዴው፥ የቢሮ ሠራተኛው ሐሳቡን ይሰጣል። በዕድሜ ወይም በማዕርግ ቅድሚያ የለም፤ እጁን ቀድሞ ያነሣ ቀድሞ ይናገራል።

ከእነዚያ እሑዶች በአንዱ የቀረበው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበረ። ይህ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፥ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ከተረከው በኋላ፥ ያነበበው ብቻ ሳይሆን ያላነበበውም ያውቀዋል። በዚያ ቀን ክርክሩ የተነሣው ግን ሁሉ በሚያወራለት በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር አልነበረም፤ በበዛብህ እናት ስለት ነበረ እንጂ። አንዲት ወጣት ተነሥታ፥ እናት የልጅዋን ዕድሜ ልጁን ሳትጠይቅ ለመስጠት ምን ሥልጣን አላት ብላ ጠየቀች። ከኋላ መቀመጫ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት «ልጄ፥ የታመመ ሕፃን ታቅፈሽ ዐድረሽ ታውቂያለሽን?» አሏት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ወጣቷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አላውቅም፥ እማማ፤ ነገር ግን ያ ሕፃን አድጎ ሰው ሆነ፤ የተናገርሁትም ስለ እርሱ ነው» ብላ መለሰች። ሰብሳቢው ለማንም ሳይፈርድ «ገጹን እንመልከት» አለና ስለ ስለቱ የተጻፈው ክፍል ተነበበ። ከተነበበም በኋላ ሁለቱም ከሐሳባቸው አልተናወጡም፤ ሆኖም እናቲቱ «እሱንም ደራሲው ብሎታል» ብለው ተቀመጡ።

ይህ ለእኛ ቤተ ሰቦች እንግዳ ሊሆን አይገባም። በጉባኤ ቤት ደቀ መዝሙሩ ንባቡን ያሰማል፤ መምህሩ ይተረጕማል፥ ቀጥሎም «አንድም» ብሎ ሌላ ምሥጢር ያመጣል። ሁለተኛው ትርጓሜ የፊተኛውን አይሽረውም፤ ከጎኑ ይቀመጣል እንጂ። እርግጥ ነው፥ በዚያ መምህር አለ፥ ንባቡም ቅዱስ ነው፤ ልብ ወለድንና ቅዱሳት መጻሕፍትን በአንድ ሚዛን የምናኖር አይደለንም። ነገር ግን በመካከል መጽሐፍ ሲኖር ሰው የሚከራከረው ከገጹ ጋር ነው፤ መጽሐፉ ሲታጠፍ ከጎረቤቱ ጋር ይሆናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተደረገው ጦርነት በየቤቱ ማዕድ ስንቱን ወንድማማች እንዳኳረፈ አይተናልና፥ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይመስለንም።

እንዲህ ተሰብስቦ መነጋገርም ሁልጊዜ የሚቻል አልነበረም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ባሳተመ ጊዜ መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ያን ጊዜ ስለዚያ መጽሐፍ የሚነጋገር ሰው በሩን ዘግቶ ነበረ።

ጕድለት አልታጣም። ማጉያውን ከያዘ የማይለቅ ሰው አለ፤ እኛ እንዳየነውም ረዥም ንግግር የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ መጽሐፉን ያላነበበው ነው። እናቶችም ጥቂት ናቸው፤ እሑድ ከቀትር በኋላ ለአባወራው የዕረፍት፥ ለእማወራዋ ግን የሳምንቱ ማሰናጃ ሰዓት ነውና። ባሎች በየተራ አንድ እሑድ ከልጆቻቸው ጋር ቤት ቢውሉ ምን ይጎድልባቸው ነበር?

የመጽሐፍ ዋጋም ከፍ ብሏል። ልጆቻችን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ወደ ተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደው ያነባሉ፤ ቤት የማይለቁት ግን ሌላ ዘዴ አበጁ። በሰፈራችን አራት ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ መጽሐፍ ይገዛሉ፥ ለየቤቱም አንድ ሳምንት ይደርሰዋል። አራተኛው ቤት ተራው የሚደርሰው ውይይቱ ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነውና፥ በዚያ ሳምንት የዚያ ቤት መብራት ከእኩለ ሌሊት በፊት አይጠፋም።