ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ቡናችሁን ቀድታችሁ አንብቡት፤ ነገሩም ስለ ጀበና ነውና።

ከጦርነት በኋላ የተቀያየሙ ሰዎችን ለማቀራረብና ስለ ሰብዓዊ መብት ለማስተማር የእጅ ሥራን መጠቀም በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል። ሽመናውም፣ ስፌቱም፣ ሸክላውም ለዚህ ይውላል። በስብሰባ አዳራሽ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይነጋገር ሰው እጁ ጭቃ ውስጥ ሲገባ አንደበቱ ይፈታል ነው ሐሳቡ። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ሲሠራም አይቻለሁ። ግን ሸክላን የመብት ማስተማሪያ ከማድረጋችን በፊት የሸክላ ሠሪዋ መብት የት እንዳለ መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል። በተለይ እኛ ወሎዎች።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የኛም ትንሽ ከተማ አልቀረላትም። ሸሽቶ የተመለሰ ሰው ቤቱን ምን ሆኖ እንዳገኘው ለናንተ አልነግራችሁም፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቴሌቪዥንና ፍራሽ ይጫናል። ጋንና እንስራ ግን አይጫንም፣ ይሰበራል። በየግቢው ገል ብቻ ነበር የሚታየው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ እርዳታ ሰጪዎች መጡ፤ ከነሱም አንዱ ድርጅት ተፈናቃይ ሴቶችንና የአካባቢውን ሴቶች ሸክላ እያሠራ ስለ መብት ለማወያየት አሰበ። የሃይማኖት ተወካይ እንዲገኝ ሲጠየቅ ኢማማችን እኔን ላኩኝ።

አሠልጣኙ ከከተማ የመጣ ጨዋ ወጣት ነው። በእግር የሚነዳ ማዞሪያም ይዞ መጥቷል። በኛ አገር እንስራ በማዞሪያ ሲሠራ አይቼ አላውቅም፤ ሸክላው ባለበት ይቀመጣል፣ የምትዞረው ሴቲቱ ናት። ለማንኛውም ሴቶቹ ሁለት ቀን ሙሉ ትንንሽ ጀበናና ድስት ሠርተው ጥላ ሥር አደረቁ። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተሰነጣጥቋል። ያኔ ነው ከከተማው ወጣ ብሎ ከሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎች አንዷ እንዲጠሩ የተደረገው።

የመጡት እናት ከስልሳ ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። የተሰነጠቀውን አንስተው በጣታቸው ፈርፈር አደረጉትና ሳቁ። «ገል አልገባበትም» አሉ። የሸክላ አፈር ለብቻው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተሰበረ ዕቃ ይሰበሰባል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከአዲሱ አፈር ጋር ይታሻል። ገሉ አንዴ እሳት ያየ ስለሆነ አይኮማተርም፤ አዲሱን አፈር ደግፎ ይይዘዋል። እሳቱንም የሚያስችለው እሱ ነው። በማግስቱ ሴቶቹ ከየቤታቸው ገል በፌስታል ይዘው መጡ። አንዷ የእናቷን ጋን ስባሪ ስትወቅጥ እንባዋ ይወርድ ነበር። ድርጅቱ ይህችን ነገር እንደ ትልቅ ምሳሌ በሪፖርቱ እንዳሰፈራት ሰምቻለሁ። እኒያ እናት ግን ገሉን ያስመጡት ለምሳሌ ብለው አይደለም፤ ያለሱ ጀበና ስለማይቆም ነው።

አሁን ወደምፈልገው ጉዳይ ልምጣ። የዚያን ዕለት ቡና ተፈላ። ጀበናው የሳቸው ሥራ ነው፤ ከዓመታት በፊት ገበያ ላይ የተገዛ። ለሁላችንም በስኒ ተቀዳ። ለሳቸው ግን በፕላስቲክ ኩባያ ቀርቦ፣ ጠጥተው ሲጨርሱ ኩባያው ለብቻው ተቀመጠ። የቀዳችው ልጅ ክፋት አስባ አይመስለኝም፤ እናቷም አያቷም እንዲሁ ሲያደርጉ አይታ ነው ያደገችው። ዕድሜያቸው እንደዚያ ሆኖ «አንቱ» የሚላቸውም አልነበረም፤ ከአሥር ዓመት ሕፃን ጀምሮ ሁሉም «አንቺ» ይላቸዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ «ሁሉም ሰው እኩል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ከውይይቱ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ሥራው ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይሄ መብት የምትሉት አፈር መቆፈርንም ይጨምራል?» እናታቸውም እሳቸውም ሲቆፍሩበት የኖሩት ጉድጓድ ያለበት ቦታ የአንድ ገበሬ ይዞታ ነው። ከጦርነቱ በፊት ማንም አይከለክላቸውም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ገበሬው በሬዎቹን ስላጣ ያለችውን መሬት አጥብቆ ያዘ፤ ጉድጓዱንም አጠረው። አፈር ከሌለ ደግሞ ሸክላ ሠሪ የለም።

ይህን ስሰማ ስለ ሩዋንዳ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። በእ.ኤ.አ. 1994 ስለተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ ሲወራ ሁቱና ቱትሲ እንላለን። ሦስተኛዎቹን፣ ባትዋዎችን፣ የሚያነሳቸው ጥቂት ነው። ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። ቀድሞ በጫካ አደን ይኖሩ ነበር፤ ጫካው ሲመነጠርና ፓርክ ሲሆን እየተገፉ ወጡ፤ መሬት ስላልነበራቸው ሸክላ ዋና መተዳደሪያቸው ሆነ። ጎረቤቶቻቸው እንስራቸውን ይገዛሉ፤ አብረዋቸው ግን አይበሉም፣ ከጠጡበት ዕቃም አይጠጡም። የኩባያዋ ነገር፣ እንግዲህ፣ የወሎ ብቻ አይደለችም። በጭፍጨፋው ዘመን ወደ ሠላሳ ሺህ ይጠጋሉ ከሚባሉት ውስጥ እስከ ሲሶ የሚሆኑት እንዳለቁ ይገመታል።

ከዚያ በኋላ በ1995 እ.ኤ.አ. መብታቸውን የሚያስከብር ማኅበር አቋቋሙ። መንግሥት ደግሞ ዳግም እልቂት እንዳይመጣ ብሎ በዘር ስም መጠራትንና መደራጀትን ከለከለ። የክልከላው ምክንያት ይገባኛል። ባትዋዎቹ ግን ችግራቸውን በምን ስም ይጥሩት? በ2007 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ ስሙን ቀይሮ «የሩዋንዳ ሸክላ ሠሪዎች ማኅበረሰብ» ተባለ። የሚሰደቡበትን ሙያ የመብት መጠየቂያ ስም አደረጉት። ለኔ ሸክላንና ሰብዓዊ መብትን በማገናኘት ከዚህ የበለጠ ብልህ ሥራ አላውቅም። ሆኖም ስሙ አፈር አላስገኘላቸውም። ሸክላ የሚገኝበት ረግረግ የመንግሥት ነው፤ በየቦታው ለሩዝ ለሚያለሙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት እየተሰጠ መቆፈሪያ ጠበበ፤ ፕላስቲክና ብረት ድስትም ገበያውን ያዘባቸው።

ወደኛው እንመለስ። ሕግ የለም እንዳይባል፣ አፄ ምኒልክ ገና በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ ወንድ ሴት ሳይል መሬት ይሰጠው ብሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በትውልድ መለየትን ይከለክላል። ከመቶ ዓመት በላይ አዋጅ ወጥቶ ኩባያዋ አሁንም ለብቻዋ ናት። ይህ በወረቀት የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው። የሚኖረው በቡና ላይ፣ በሠርግ ላይ፣ በቀብር ላይ ነው።

«ቡዳ ናቸው» የሚለውንም ዝም ብዬ አላልፍም፤ አንዳንድ ጀመዓዎች በዲን ሊያስደግፉት ሲሞክሩ ስለምሰማ። በሸሪዓችን የዓይን ጉዳት እንዳለ እናምናለን። ነገር ግን አንድ ሙያ ያላቸው ሰዎች በዘር ይወርሱታል የሚል በመድረሳ አልተማርኩም፤ ከየትም ኪታብ አላየሁም። ዓይን ከሀብታምም ከድሃም፣ ከዘመድም ሊመጣ ይችላል። እንዲያውም ሱረቱ አር-ረሕማን ላይ አላህ የሰውን አፈጣጠር ሲነግረን ያመሳሰለው ከሸክላ ጭቃ ጋር ነው። ይህን እየቀራን ሸክላ የነካ እጅን መጸየፍ እንዴት እንደሚቻል አይገባኝም።

ያየሁትን ለኢማማችን ነገርኳቸው። ብዙ አልተናገሩም። በማግስቱ ገበያ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ወደ እኒያ እናት ቤት ወስደኝ አሉኝ። እዚያም አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም በቤቱ ስኒ ጠጡ። ዱዓ አድርገው ወጡ። መንገድ ላይ ያየን ሁሉ አየን፤ እሳቸውም እንዲታዩ ፈልገው ይመስለኛል። ወሬው ከኛ ቀድሞ ከተማ ገባ።

ከዚያ የቅሬው ጉዳይ መጣ። እነዚያ ሸክላ ሠሪዎች ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነው በቅሬያችን አልተመዘገቡም፤ ሬሳቸውን ራሳቸው ተሸክመው ራሳቸው ይቀብራሉ። ሁለት ጊዜ ተሰበሰብን። አንድ አዛውንት «በልጆቻችን ጋብቻ ላይ ጣጣ ያመጣል» አሉ፤ ሌላው «ለምን እስከ ዛሬ አልጠየቁም?» አለ። የቅሬ ዳኛው የመለሱት ደስ ብሎኛል፦ «በጦርነቱ ጊዜ ጫካ ስንገባ ውሃ ያጠጡን በማን እንስራ ነው?» አራት ቤተሰብ ተመዘገበ። በዚህ የተነሳ ሁለት አባል ከቅሬው ወጡ፤ አንደኛው ተመልሷል።

የአፈሩ ግን አላለቀም። ገበሬውን አነጋግረነዋል፤ እውነት አለው። ጉድጓዱ በየዓመቱ እየሰፋ ማሳውን ይበላበታል፣ ጥጃም ገብቶበት ያውቃል። በበጋ ብቻ እንዲቆፍሩ፣ ክረምት ሳይገባ እንዲሞሉት፣ ለሱም በዓመት የሆነ ነገር እንዲከፈለው ሽማግሌዎች ሐሳብ አቅርበዋል። ድርጅቱ ለዚህ የሚሆን በጀት እንደሌለው ነገረን፤ በጀቱ ለሥልጠና ነው። ቀበሌው ደግሞ ደብዳቤ ጽፉ ብሎናል፤ ጽፈናል። እስከዚያው እኒያ እናት አፈሩን ከሩቅ በኬሻ እየገዙ ነው። ማክሰኞ ገበያ ላይ ጀበና ተወደደ ብላችሁ የምትከራከሩ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ስትገዙም አንቱ በሏቸው።