ከአራዳ እስከ ስድስት ኪሎ፤ የአንድ አርበኛ መታሰቢያ

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ የተናገሩት ቃል እውነት ነው። ነገር ግን ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው የሚያነሣው አፍና የሚሰማው ጆሮ ሲያገኝ ነው። የጀግና ስም በቤት ውስጥ ካልተነገረ፤ ልጅም ከአባቱና ከእናቱ ካልሰማው፤ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ቢኖር እንኳ አላፊው ሁሉ ሳያነበው ያልፋል። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ፤ ስለ አገራቸው ነጻነት አምስት ዓመት በዱር በገደል የታገሉትን የራስ አበበ አረጋይን ነገር፤ ታሪካቸው ያለፈበትን ሥፍራ እየተመለከትን ጥቂት እንናገራለን። መንገዱ ከአራዳ እስከ ስድስት ኪሎ ነው። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ልብ አድርጎ ለሚመለከት ግን ከ1928 እስከ 1953 ዓ.ም. የሆነ የሃያ አምስት ዓመት ታሪክ ይገኝበታል።

መነሻችንን በአራዳ ከአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እናድርግ። በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. የሸዋ አርበኞች ዋና ከተማይቱን ከጠላት እጅ ለማስለቀቅ በልዩ ልዩ አቅጣጫ መጥተው ገጥመው ነበር። ወራቱ ክረምት ነበርና፤ የአንዱም ጦር ከሌላው ጋር በጊዜው መገናኘት ስላልቻለ ሐሳባቸው ሳይፈጸም ቀረ። አቡነ ጴጥሮስም ሕዝቡ ለጠላት እንዲገዛ አልሰብክም ስላሉ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። በዚያ ጦርነት ከተካፈሉት አለቆች አንዱ፤ በዚያን ጊዜ በባላምባራስነት ማዕርግ የነበሩት አበበ አረጋይ ናቸው።

እኒህ ሰው በ1895 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በእናታቸው በኩል የስመ ጥሩው የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ጠላት በመጣበት ዘመን የአዲስ አበባ ከተማ የጸጥታ ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። ስለዚህ የአራዳን መንገድ፤ ገበያውንና መንደሩን እንደ ቤታቸው ጓዳ ያውቁት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጂቡቲ ከሄዱ በኋላ ከተማይቱ ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። ሚያዝያ 27 ቀን የጠላት ጦር ገባ። በዚያን ጊዜ ለአንድ ሹም ሁለት መንገድ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ አንዱ ገብቶ በሹመት መኖር፤ ሁለተኛው ወጥቶ በራብና በብርድ መንከራተት። አበበ አረጋይ ሁለተኛውን መረጡ። የከተማ ጸጥታ ጠባቂ የነበሩት ሰው ጥቂት ተከታዮች ይዘው የዱር ሰው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ዓመት በሁለት ቃል መጨረስ አይቻልም። በመንዝ፤ በተጉለት፤ በቡልጋና በጅሩ ገደል ለገደል እየተዘዋወሩ፤ አንድ ቀን እያጠቁ አንድ ቀን እየተከበቡ፤ ጦራቸው ሲበተን እንደ ገና እየሰበሰቡ ኖሩ። የኢጣልያ ጄኔራሎች በመሣሪያ ያላገኙትን በዕርቅ ቃል እናገኛለን ብለው በ1932 ዓ.ም. መልእክተኛ በመልእክተኛ ላይ ላኩባቸው። እርሳቸውም እሺም እምቢም ሳይሉ ነገሩን በማራዘም ቀን አስቆጠሩ፤ በዚያውም መካከል ለደከመው ሠራዊታቸው ዕረፍት አገኙለት። በመጨረሻም ሳይገቡ ቀሩ። ጀግንነት መተኮስ ብቻ አይደለም፤ ታግሦ መቆየትን ማወቅም ጭምር ነው። ወታደሮቻቸው በፈረስ ስማቸው «አባ ገስጥ» እያሉ የሚፎክሩትም ይህን ሁሉ አብረው ስላዩ ነው።

አሁን ከአራዳ ወርደን የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረን፤ በአፍንጮ በር በኩል ዳገቱን ስንወጣ ስድስት ኪሎ አደባባይ እንደርሳለን። በመካከሉ የየካቲት 12 ሐውልት ቆሞአል። ይህን ሐውልት የሠሩት ከዩጎዝላቪያ የመጡ ቀራጮች ናቸው። በጐኑ የተቀረጹት ምስሎች የሚገደሉትን ሰዎችና የሟቾቹን ልቅሶ ያሳያሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣልያ እንደራሴ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ለድኾች ምጽዋት ሲያሰጥ፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡ በየቤቱና በየመንገዱ ታረደ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ከሞት የተረፉት ብዙዎች ከከተማ እየወጡ ወደ አርበኞች ሄዱ፤ በሸዋ ዱር ያሉት አለቆችም ተቀበሏቸው። ስለዚህ ይህ ሐውልት የሟቾች ብቻ ሳይሆን፤ ከዚያ ዕልቂት ተርፈው ጠመንጃ ያነሡትም ሰዎች መታሰቢያ ነው።

ከሐውልቱ ፊት ለፊት ያለው በር የገነተ ልዑል በር ነው። ይህን ቤተ መንግሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጠላት ወረራ በፊት አሠሩት፤ በወረራው ዘመን የጠላት እንደራሴ ተቀመጠበት። በግቢው ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች በሮማ ሥልጣን ከያዙበት ከ1915 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ዓመታቸውን በየደረጃው እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና የትዕቢቱ ቁጥር በዚያው ቆመ። ልጆች ይህን ደረጃ ሲያዩ ነገሩ ሳይነገራቸው በፊት ይሥቃሉ፤ ከተነገራቸው በኋላ ግን ዝም ይላሉ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማቸው ተመለሱ፤ ራስ አበበም ከዱር ወጡ። ከዚያ ወዲያ የጦር ሚኒስትር፤ የትግራይ ገዥ፤ የአገር ግዛት ሚኒስትር፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ። በዱር የኖረ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሁሉን ደስ ማሰኘት አይችልምና፤ በሹመታቸው ዘመን የሚያመሰግናቸውም የሚወቅሳቸውም ነበረ።

በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል አገር ሳሉ፤ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥቱን ለመለወጥ ተነሡ። ታላላቅ ሹማምንትን ይዘው በዚሁ በገነተ ልዑል አገቧቸው። የጦር ሠራዊቱ ግቢውን ባጠቃ ጊዜ፤ በአረንጓዴው ሳሎን የተቀመጡት እስረኞች ተተኰሰባቸው። ራስ አበበ አረጋይ፤ ራስ ሥዩም መንገሻ፤ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ፤ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድና ሌሎችም በዚያ ወደቁ። አምስት ዓመት የጠላት ጥይት የሳታቸው አርበኛ፤ የጠላት እንደራሴ በተቀመጠበት ቤት በወገን ጥይት ሞቱ።

ይህን ለልጆቻችን እንዴት እንንገራቸው? ብዙ ሰው ወይ የዱሩን ዘመን ብቻ ተርኮ አሟሟታቸውን ይሸሽጋል፤ ወይም አሟሟታቸውን ሲያነሣ ገዳዮቹን ብቻ ይረግማል። ሁለቱም ሙሉ አይደለም። በፍርድ ቤት የምንጽፍ ሰዎች የከሳሽን ቃል ጽፈን የተከሳሽን ብናስቀር መዝገቡ መዝገብ አይባልም። የተነሡትም ሰዎች አገራችን ከሌላው ዓለም ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ድኻው ተበድሏል የሚል ቃል ነበራቸው። ገርማሜ በማምለጥ ላይ ሳሉ ሞቱ፤ መንግሥቱም በዚያው ዓመት በስቅላት ተቀጡ። የክብር ዘበኛው ወታደርና አርበኛው የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቂም ሳይሆን ኀዘን ይማራል፤ ኀዘንም የማስተዋል መጀመሪያ ነው።

የአገራችን የለቅሶ ልማድ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ወታደር ሲሞት ጠመንጃውና ጎራዴው ይወጣል፤ ፈረሱ ተጭኖ ይጎተታል፤ አልቃሹም የዋለበትን ሜዳ በስሙ እየጠራ ይናገራል። ሰውዬው ደግ ነበረ ብሎ አያበቃም፤ የት ዋለ፤ ከማን ጋር ዋለ፤ ማን አጠገቡ ወደቀ ብሎ ይዘረዝራል። እንዲህ ያለው መታሰቢያ አይጠፋም። ገነተ ልዑልም እንዲሁ ሌላ መታሰቢያ አግኝቷል። ከዚያ ደም መፍሰስ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርስቲ ሰጡት። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ግቢ ነው፤ በቤተ መንግሥቱ ውስጥም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ጥይት በተተኰሰበት ቤት መጽሐፍ ተከፈተ።

በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን በስድስት ኪሎ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ በአራት ኪሎ የድል ሐውልት፤ አርበኞች ጎፈራቸውን ደፍተው ኒሻናቸውን አንጠልጥለው ሲቆሙ ኖረዋል። ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት አንሷል። ራስ አበበን ታሪክ ጸሐፊዎች አይረሷቸውም፤ ከእርሳቸው ጋር የተራበውን ተራ ወታደርና፤ በሶውን ቋጥራ ገደል የወረደችውን ሴት ግን ከቤተ ሰቡ በቀር የሚያስታውሳቸው የለም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ኒሻን ወይም አሮጌ ሥዕል በቤትህ ቢኖር አውጣው። የባለቤቱን ስም፤ የዋለበትን ሥፍራና አብረውት የነበሩትን ሰዎች የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ሳለ ጠይቀህ በጽሕፈት አስቀምጠው። ልጆችህንም ይዘህ ይህን መንገድ አንድ ቀን በእግር ሂድ፤ በየሥፍራውም ቆም እያልክ የሆነውን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ንገራቸው።

እግዚአብሔር የራስ አበበንና በዱር በከተማ የወደቁትን ሁሉ ነፍስ በአብርሃም፤ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ለእኛም ወንድም በወንድሙ ላይ የማይተኩስበትን ዘመን ያምጣልን።