የተቀደደው ገጽ

ተማሪዎች ሆይ! ድርሰት መጻፍ ስትማሩ «ስለ ቤታችሁ አንድ ገጽ ጻፉ» የሚል መልመጃ ሳይሰጣችሁ አይቀርም። መልመጃው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ይህን አርእስት ሰሌዳ ላይ በጻፍሁ ቁጥር አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚያ ልጅና ስለ ጻፈው ድርሰት ነው። ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን አይደለም፤ ቢሆንም የአምባገነን አገዛዝን ምንነት ከብዙ ትርጓሜ ይልቅ ያስረዳል ብዬ ስለማምን አልሸሽጋችሁም።

በመጀመሪያ ዘመኑን ላስታውሳችሁ። ከጦር ሠራዊት፣ ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከብሔራዊ ጦር የተውጣጣው ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ ደስ ያለው ሰው ብዙ ነበር። «ያለ ምንም ደም» የሚለውም መፈክር በየአፉ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራ ማቆምና ሰላማዊ ሰልፍ ማድረግ ወዲያውኑ ተከለከለ፤ ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ከቀድሞው መንግሥት ሹማምንትና ከሌሎችም ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መሠረት የተደራጀው ቀበሌ፣ የመጀመሪያ ሥራው አነስተኛ የቤት ኪራይ መሰብሰብና የጎረቤት ጠብ ማብረድ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የታጠቀ ዘብና የራሱ እስር ቤት ያለው ሆነ። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ፣ ስኳርና ሳሙና የሚያከፋፍለው ቀበሌ፣ ሌሊት በር የሚያንኳኳውም ቀበሌ ሆነ። ሰው የሚለምነውም የሚፈራውም አንድ ደጅ ሲሆን አንደበቱን መቆጠብ ይማራል።

በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ሰባበሩ። በከተሞች ውስጥ በደርግና በኢሕአፓ መካከል ይካሄድ የነበረው መገዳደል ቀይ ሽብር ወደሚባለው ዘመቻ ተሸጋገረ። ብዙ ወጣቶች በየመንገዱ ተገድለው ተጣሉ። ብዙ ወላጆች የልጃቸውን አስከሬን ማንሣት፣ ድንኳን ተክሎ ማልቀስ፣ ጥቁር መልበስ ተከለከሉ። ቋንቋችንም አብሮ ታመመ። «እርምጃ» ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ መራመድ ማለት መሆኑ ቀርቶ ሰው መግደል ማለት ሆነ። «ነጻ እርምጃ» ሲባልም ገዳዩ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በማንም ሳይጠየቅ ይገድላል ማለት ነበር። «ነጻ» የሚለው ቃል ከነጻነት ርቆ ከጥይት ጋር እንዲህ ተዛመደ።

እኔ በ1970 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ በዲፕሎማ ወጥቼ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ለዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ማስተማር ጀመርሁ። አንድ ቀን «ቤታችን» የሚል አርእስት ሰጠሁ። ማታ በፋኖስ ብርሃን ደብተሮቹን ሳርም፣ በኋለኛው ወንበር የሚቀመጥ የአንድ ዝምተኛ ልጅ ጽሑፍ ላይ ደረስሁ። እናቱ ራት ስታቀርብ በመሶቡ ዙሪያ አምስት ሆነው እንደሚቀመጡ፣ እርሷ ግን ምንጊዜም የስድስተኛውን ድርሻ ከፍላ እንደምታኖር፣ ስድስተኛው ታላቅ ወንድሙ እንደሆነ ጽፏል። «አንድ ሌሊት ወሰዱት» ይላል። ጎረቤት ሲጠይቃት እናቱ «አጎቱ ዘንድ ሄዷል» ብላ እንደምትመልስ፣ ማልቀስ ሲያምራት ማድቤት ገብታ እሳት እንደምታነድና እንባዋን በጭሱ እንደምታመካኝ ጽፏል። የወንድሙንም ስም ጽፎት ነበር።

የሰዋስው መምህር እንደ መሆኔ «ወሰዱት» ከሚለው ግሥ አጠገብ በቀይ ቀለም «ባለቤቱ ማን ነው?» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍሁም። ባለቤቱን እኔም፣ ልጁም፣ ከተማውም ያውቀዋል። በዚያን ጊዜ ሰዎች «ታሰረ»፣ «ተወሰደ»፣ «እርምጃ ተወሰደበት» ይሉ ነበር እንጂ ማን እንዳሰረ፣ ማን እንደወሰደ አይናገሩም ነበር።

ተነሥቼ መዝጊያውን መቀርቀሬን አረጋገጥሁ። ከዚያም ያንን ገጽ ቀድጄ ከሰል ምድጃው ላይ ጣልሁት። ወረቀቱ አንድ አፍታ ነዶ አለቀ።

በማግሥቱ ልጁን ጠርቼ «ደብተርህ ላይ ውሃ ፈሶበት ገጹ ተበላሸ፤ ሌላ ድርሰት ጻፍ» አልሁት። ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝና «እሺ ጋሼ» አለኝ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። በሳምንቱ «አብዮታችን» የሚል ድርሰት አመጣ። ከሬዲዮና ከግድግዳ ላይ የተለቀሙ መፈክሮች በሥርዓት ተደርድረውበታል፤ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ከ10 10 ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ያ ልጅ ስለ ቤቱ አንድ መስመር አልጻፈልኝም።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ገጹን ቅደድ ብሎ ያዘዘኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ካድሬ አልመጣብኝም፤ ደብተሮቹንም የጠየቀኝ አልነበረም። አምባገነን መንግሥት በእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ዘብ ማቆም አይችልም፤ ዘቡን የሚያቆመው በሰው ልብ ውስጥ ነው። የጋዜጣና የመጽሐፍ ሳንሱር መሥሪያ ቤት አለው፤ የእኔ ሳንሱር ግን ከራሴ በቀር ሠራተኛ አላስፈለገውም። በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመናገርና የመጻፍ ነጻነትን ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ ውስጥ የገባውን ፍርሃት በአንቀጽ መሻር አልተቻለም።

ለረጅም ጊዜ «ልጁን አተረፍሁት» እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። በእርግጥም ያ ገጽ ከክፉ ሰው እጅ ቢገባ ቤተሰቡ ሁሉ ይጠፋ ነበር። ማቃጠሌ ምናልባት ትክክል ነበር። ጥፋቴ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ልጁን ብቻውን ወስጄ «አንብቤዋለሁ፤ የጻፍኸው እውነት ነው፤ ለደኅንነትህ ስል ነው ያጠፋሁት፤ አይዞህ» ማለት እችል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ ግን ዋሸሁት፤ ለእውነቱ ዝምታን፣ ለመፈክሩ ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። በዚህም አገዛዙ ሊያስተምረው የፈለገውን ትምህርት እኔ አስተማርሁለት።

ከእኔ የበለጠ ድፍረት የነበራቸው ሰዎች አልጠፉም። ደራሲ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. ካሳተመ በኋላ መጽሐፉ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ እርሱም ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ሁሉም ሰው እንደ እርሱ ይሁን አልልም። እኔ ግን አንድ ገጽ እንኳ በልቤ ሳልይዝ ቀርቻለሁ።

ደርግ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ወደቀ። በታኅሣሥ ወር 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ናቸው አለ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። እዚያ የሰማዕታት ፎቶግራፎችና ስሞች አሉ። ሄጄ በፎቶግራፎቹ ፊት ቆሜ የዚያን ልጅ ወንድም ፈለግሁ። የተማሪዬን ስም አስታውሳለሁ፤ የአባታቸው ስም ግን የብዙ ሰው ስም ነው፤ የወንድሙንም ስም ረስቼዋለሁ። የማነበው ሌላ ወረቀት የለኝም፤ የነበረውን እኔው አቃጥዬዋለሁ።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ ደግሞም «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ጊዜ አለ። አስተዋይ ሰው በየትኛው ጊዜ የትኛው እንደሚያስፈልግ ይለያል። በአምባገነን አገዛዝ ሥር ግን ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ይሆናል፤ ነጻነት የሚጠፋውም ያኔ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ! መምህራችሁ «ስለ ቤታችሁ ጻፉ» ሲሏችሁ መምህሩን ደስ ያሰኛል የምትሉትን ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ። ለግሣችሁም ባለቤት ስጡት። ከእናንተ መካከል ነገ መምህር የሚሆን ቢኖር ደግሞ፣ በተማሪው ደብተር ላይ እውነት ባገኘ ጊዜ ቢያንስ «አንብቤዋለሁ» ይበለው።